ቤንዚኑ የት ላይ ይቀራል? የቮልሷ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 5

መኪናዋ የ1968 ሞዴል ቮልስ ናት (በፈረንጅ አቆጣጠር)፤ 1300 ሞተር፣ 12 ቮልት፣ በዲናሞ የምትሠራ፣ ካርብራተሯ ሶሌክስ 30 ፒክት 2። ክረምቱን ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ግቢያችን ውስጥ ሰልባትዮዋ (የቤንዚን ታንኳ) ከሩብ ያልበለጠ ቤንዚን ይዞ ቆማ ከረመች። ቤንዚን በሰልፍ በሚገኝበት ከተማ ሰልባትዮ ሞልቶ መኪና ማቆም ቅንጦት ነው። የችግሩ ግማሽ ግን ከዚሁ ከጎደለ ሰልባትዮ እንደመጣ ከታች ታያላችሁ።

ምልክቱ እንዲህ ነው። ጠዋት በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሳለች። ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር) አትንተፋተፍም። ከማራኪ ወደ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ወደ አራዳ ገበያ ስመላለስ ምንም አይታይባትም። ከአዘዞ ሽቅብ ስመጣ ነው ጉዱ፦ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ቤንዚን ረገጥ ሳደርግ ትንሽ ትጎትትና ታስላለች፤ እግሬን ባነሳላትም ባላነሳላትም ትጠፋለች። ዳር አስይዤ ጥቂት ቆይቼ ቁልፍ ስሰጣት ምንም እንዳልሆነ ሰው ትነሳለች።

ያማከርኩት ሁሉ በአንድ አፍ «ካርብራተሩ ይታጠብ» ይለኛል። ታጥቧል፤ ከክረምት በፊትም ታጥቧል። ካርብራተር ማጠብ የአገራችን ጋራዥ ፓራሲታሞል ሆኗል፤ በሽታው ሳይታወቅ ይታዘዛል፣ አንዳንዴም ለሁለት ቀን ያሽላል። አውቶፓርኮ አካባቢ በቮልስ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ። እሳቸው ብቻ ናቸው ሌላ ጥያቄ የጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ስትጠፋ የሚጎድላት ቤንዚን ነው ወይስ እሳት?»

«አላየሁም ጋሼ።»

«እንግዲያው እዚያው ዳገቱ ላይ ስትጠፋ እይ። ጋራዥ ገብታ የምታስል መኪና የለችም።»

ጥቅምት 7

ሆን ብዬ አዘዞ ወርጄ ሽቅብ አመጣኋት። እንደተለመደው ጠፋች። ወዲያው ከኋላ ከፍቼ የአየር ማጣሪያውን አነሳሁ። ይሄ ማጣሪያ ሥሩ ዘይት ያለው ስለሆነ ቀጥ አድርጎ ይዞ ማውጣት ነው፤ ካዘነበለ ዘይቱ ሞተሩ ላይ ነው የሚደፋው።

የካርብራተሩን ጉሮሮ እያየሁ የቤንዚን መስጫውን ክንድ በጣቴ ሳብኩት። ጤነኛ ካርብራተር ሲሳብ በጎን ካለችው ቀጭን የናስ ቱቦ ቤንዚን ፊጭ ይላል። ምንም የለም። ደግሜ ሳብኩት፣ ቱቦዋ ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ቀረች። የካርብራተሩ ሆድ ባዶ ነው ማለት ነው።

እሳቱንም ላለመጠራጠር ትርፍ ካንዴላ (እሳት የምትሰጠውን) ከገመዱ ጋር አያይዤ፣ ከካርብራተሩ ራቅ አድርጌ በፒንሳ ሞተሩ ብረት ላይ አስደግፌ ሞተሪኖ (ማስነሻውን) አስመታሁ። ሰማያዊ፣ ጠንካራ እሳት። ስለዚህ እሳቱን የሚያመነጩት ቦቢናም ፑንቲናም ከጨዋታ ወጡ።

ቆይታ የምትነሳበት ምክንያትም እዚያው ዳገቱ ላይ ገባኝ። የቮልስ ሰልባትዮ ያለው ከፊት ኮፈን ሥር ነው፣ ሞተሩ ደግሞ ከኋላ። አፍንጫዋ ወደ ላይ ስትቆም ሰልባትዮው ከካርብራተሩ በላይ ይሆናል፤ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት በቤንዚን ፖምፓው (ፓምፑ) ባልቦላዎች (ቫልቮች) በኩል እየሰረገ ካርብራተሩን ይሞላል። መንገዱ ጨርሶ አልተዘጋም ማለት ነው። ጠቧል፤ ለሚኒሞ ይበቃል፣ ለዳገት አይበቃም።

ጥቅምት 8

ርካሹን ምርመራ አስቀደምኩ። ሰልባትዮ አየር ካላስገባ ቤንዚን አይሰጥም፤ የወጣውን ቤንዚን የሚተካ አየር ከሌለ ውስጡ ወደ ኋላ እየሳበ ይሄድና በመጨረሻ ፖምፓው ይሸነፋል። ክዳኑን አላልቼ ያንኑ ዳገት ወጣሁ። እዚያው ቦታ ላይ ጠፋች። ክዳኑን ስከፍት የአየር ፉጨትም አልሰማሁም። መተንፈሻው ነፃ ነው።

ጥቅምት 12

ዛሬ ሥራው ከሰልባትዮው ጀመረ። እቅዴ አንድ ነው፦ ቤንዚኑ ከሚነሳበት ተነስቶ እስከሚደርስበት፣ በየመገጣጠሚያው ፈትቶ በጠርሙስ መለካት። የሚቀንስበት ቦታ ራሱ ይናገራል።

ከሥራው በፊት ጎረቤታችን ደጃቸው ላይ ቡና ሊያፈሉ ከሰል እያቀጣጠሉ ነበር። «እትዬ፣ ዛሬ ቡናው በጓሮ በኩል ይሁንልኝ፣ ቤንዚን ልከፍት ነው» አልኳቸው። «ጎሽ ቀድመህ ነገርከኝ» ብለው ምድጃውን አንስተው ሄዱ። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው፤ አሥር እርምጃ የራቀ ከሰል ድረስ ሄዶ እሳት ይዞ ይመለሳል። ባትሪውንም ነቅያለሁ።

በክሪክ አንስቼ፣ የብረት ድጋፍ አስገብቼ፣ ከፊት ሥሯ ገባሁ። ከሰልባትዮው የሚወርደው ጎማ ቱቦ ከብረቱ መስመር ጋር የሚገናኝበትን ፋሼታ (ማጥበቂያ ቀለበት) ፈትቼ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀበልኩ። መጀመሪያ ጥሩ ወረደ። ጠርሙሱ ሩብ ሳይሞላ ጅረቱ ቀጠነ፣ ቀጥሎ ጠብ ጠብ አለ። በቱቦው በኩል ወደ ላይ እፍ አልኩ (በንጹሕ ቁራጭ ቱቦ፣ ቤንዚን አፍ ውስጥ አይገባም)፣ ሰልባትዮው ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ተሰማ። ደግሞ ጥሩ ወረደ። ደግሞ ቀጠነ።

ሰልባትዮው መውጫ አፍ ላይ ወንፊት አለ። አንድ ነገር እየተሳበ መጥቶ ይለጠፍበታል፣ ሲነፋ ወይም ሲያርፍ ይለቀዋል። በቂ ነው፤ ሰልባትዮው ይውረድ።

የቀረውን ቤንዚን ነጭ ሳፋ ውስጥ ቀድቼ ጥቂት አሳረፍኩት። ነጭ ሳፋ የመረጥኩት ሁሉም ነገር እንዲታይበት ነው። ከላይ ቤንዚኑ የሻይ መልክ ይዟል። ከታች፣ ሳፋው ባጋደለበት ጥግ፣ ብይ የሚያካክሉ የውኃ ጠብታዎች ቤንዚኑ ሥር ይንከባለላሉ። ዙሪያቸውን እንደ በርበሬ የላመ ቡናማ ዝገት፤ በመሀል ደግሞ ጥፍር የሚያህሉ ስስ ቅርፊቶች አሉ። ቅርፊቶቹ ናቸው ወንፊቱን የሚዘጉት፤ ዱቄቱማ አልፎ ይሄዳል።

ሩብ ብቻ ቤንዚን ያለው ሰልባትዮ ሦስት ሩቡ አየር ነው። የጎንደር ክረምት ሌሊቱ ይበርዳል፣ አየሩ እርጥበት የጠገበ ነው። ያ እርጥበት በየሌሊቱ የብረቱን ግድግዳ ያልበዋል፣ ላቡ ይወርዳል፣ ከቤንዚን ስለሚከብድ ሥር ይተኛል። ብረቱን የሚበላው እሱ ነው።

አንድ ሌላም ጥርጣሬ ነበረኝ። ከዚሁ ቤንዚን የተወሰነው በመንገድ ዳር በጠርሙስ ከሚሸጡት የተገዛ ነው፤ ላምባ ተቀላቅሎበት ይሆን? አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣል አድርጌ ጸሐይ ላይ ተውኩት። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ወረቀቱን እንደነበረ ይተወዋል፤ ላምባ ያለበት የቅባት ክብ ያስቀራል። ቀለል ያለ ክብ ቀርቷል። ላምባው ዳገት ላይ እንድትጠፋ አላደረጋትም፣ ካንዴላዎቿን ግን አልጠቀመም። ይሄ ቤንዚን ወደ ሰልባትዮ አይመለስም።

ጥቅምት 13

ሰልባትዮውን ማውረድ ቀላል ነው። አራት ብሎኖች ከነመያዣዎቻቸው፣ የመሙያው ቱቦ፣ የጌጁ (የቤንዚን መጠን ጠቋሚው) ሽቦ፣ አለቀ። 40 ሊትር የሚይዘው ዕቃ ባዶውን በአንድ ሰው እጅ ይነሳል።

አጣጠቡ፦ መጀመሪያ ሙቅ ውኃና ኦሞ፣ የቤንዚኑ ሽታ እስኪቀንስ ደጋግሞ። ቀጥሎ ከወንዝ ዳር የመጣ፣ ጠርዙ ያልደነዘ ሻካራ ጠጠር ከአጭር ሰንሰለት ጋር አስገብቼ መናጥ። ልጆቹ መናጡን እየተቀባበሉ ጨፈሩበት። የወጣው ውኃ ቀይ አፈር የተበጠበጠበት ይመስላል። ከዚያ አቼቶ ሞልቼ አሳደርኩ፤ ዝገት በአቼቶ ቀስ ብሎ ይለቃል፣ ብረቱን ቶሎ አይበላም።

አንድ በያጅ ወዳጄ ሰልባትዮው ሥር ያለውን ጭረት አይቶ «ላንዴ ላስነካው?» አለ። እምቢ አልኩ። ባዶ የቤንዚን ሰልባትዮ ከሙሉው ይብሳል፤ ሙሉው ውስጥ የሚነድ አየር የለም፣ ባዶው ውስጥ ተንና አየር ተቀላቅለው ብልጭታ ነው የሚጠብቁት። ጭረቱ ደግሞ አያፈስም።

ጥቅምት 14

አቼቶው ወጣ። ያለ ማለዘቢያ ከቀረ ብረቱን መልሶ ስለሚያዝገው በቢካርቦኔት ውኃ አለቀለቅሁት፣ ከዚያ በንጹሕ ውኃ፣ ከዚያ ወዲያው አፉን ወደ ታች ደፍቼ ጸሐይ። እዚህ ላይ መዘግየት አያስፈልግም፤ እርጥብ ሆኖ ካደረ በማግሥቱ አዲስ ብርቱካናማ ዝገት ለብሶ ይጠብቃችኋል። እንደደረቀ የሞተር ዘይት ጠብ የተደረገበት ግማሽ ሊትር ቤንዚን አስገብቼ ግድግዳውን ሁሉ አዳረስኩት።

የመውጫው ወንፊት ከአንድ ጎኑ ተቀዷል። እዚህ ከተማ አላገኘሁም፤ አዲስ አበባ ላለ ዘመዴ ሶማሌ ተራ ፈልጎ እንዲልክልኝ ደወልኩ።

ጥቅምት 21

ወንፊቱ በአውቶቡስ መጣ። ሰልባትዮው ገባ። ከመገጠሜ በፊት ከፊት እስከ ኋላ በመኪናዋ ወገብ ዋሻ ውስጥ የሚያልፈውን የብረት መስመር ለየብቻው ነፋሁት፤ ከፖምፓው ፈትቼ፣ በብስክሌት መንፊያ። ኮምፕሬሰር ከፖምፓ ጋር እንደተያያዘ መስመር ውስጥ መልቀቅ የፖምፓውን ላስቲክ መቅደድ ነው። ትንሽ ዱቄት ወጣ፣ መስመሩ ክፍት ነው።

ፊት ላይ ፍሰቱን ለካሁ፣ ሳይቀጥን ወረደ። ኋላ፣ ፖምፓው ጋ ለካሁ፣ ያው።

የፖምፓው አናት ላይ ያለውን ብሎን ፈትቼ ክዳኑን አነሳሁ። ሥሩ ያለችው ትንሽ ወንፊት በዚያው ቡናማ ዱቄት ተለብጣለች፤ በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ ጸዳች። ብዙ ሰው ይህች ወንፊት መኖሯን አያውቅም፣ ካርብራተሩ ሲታጠብ እሷ እዚያው ትቀመጣለች።

ፖምፓውን ከሥሩ ለምትፈቱ አንድ ነገር፦ ሥሩ ጥቁር ፕላስቲክ መቀመጫ አለ፣ በመሀሉ የሚገፋው ዘንግ ያልፋል። መቀመጫውን ከማንሳት በፊት ዘንጉን መዝዛችሁ አውጡ። ዘንጉ አምልጦ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ከወደቀ ሌላ ሥራ ነው የምትጀምሩት። በዲናሞ የሚሠሩ ሞተሮች ዘንጋቸው 108 ሚሊ ሜትር ነው፤ በኋላ በአልተርኔተር የመጡት 100 ሚሊ ሜትር። ሁለቱ ከተቀያየሩ ወይ ፖምፓው በደንብ አይሠራም፣ ወይ ከልክ በላይ ተገፍቶ ይሰበራል። ከመቀመጫው ሥር ያለው ጓርኒሲዮን (በመሀል የሚገባው ማሸጊያ) ውፍረትም ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም፤ ዘንጉ ምን ያህል እንደሚገፋ የሚወስነው እሱ ነው።

ጥቅምት 22

አዘዞ፣ ሽቅብ፣ ሦስተኛ ማርሽ። ወጣች! ፒያሳ ድረስ አላሳለችም።

ጥቅምት 26

ደስታው ለጠዋት ብቻ ነበር። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ፣ በፀሐይ ገበያ ዳር ቆማ ቆይታ ስመለስ፣ ከተነሳች በኋላ መንተፋተፍ ጀመረች። ምልክቱ የቀድሞው አይደለም። ያኔ ቀስ በቀስ ትደክም ነበር፤ አሁን ትቆራረጣለች፣ ትይዛለች፣ ደግሞ ትቆራረጣለች። ስትበርድ ደህና ናት።

ለጋሼ ደወልኩላቸው። «ቱቦውን ዓይን ስጠው» አሉኝ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ የሚታይ ቱቦ አድርግበት ማለታቸው ነው።

ጥቅምት 27

ከፖምፓው መግቢያ ላይ ያለውን ጎማ ቱቦ አውጥቼ ለምርመራ ብቻ የሚያሳይ ላስቲክ ቱቦ ተካሁ። (ለምርመራ ብቻ! በሙቀት ስለሚልመሰመስ እዚያ አይተውም።) ሞተሩን አስነስቼ በባትሪ መብራት ተመለከትኩ።

ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ያልፋል፤ በየመሀሉ ግን ስንዴ የሚያካክሉ አረፋዎች ተከታትለው ይመጣሉ። ቤንዚን ሲረገጥ አረፋዎቹ ይረዝማሉ፣ እስከ ጣት ቁራጭ ይደርሳሉ። ፖምፓው ቤንዚንና አየር እየጠጣ ነው።

ከፖምፓው በፊት ያለው መስመር ሁሉ የሚሳብበት ነው። እዚያ ላይ ቱቦ ቢሰነጠቅ፣ ሞተሩ እየሠራ ቤንዚን ወደ ውጭ ሳይንጠባጠብ አየር ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። መሬት ላይ ጠብታ ፈልጎ «ምንም አይፈስም» የሚል ሰው እዚህ ላይ ይታለላል። ሞተሩ ሲሠራ ቤንዚን በግልጽ የሚፈሰው በተለይ ከፖምፓው ወዲህ፣ የሚገፋበት በኩል ሲሰነጠቅ ነው።

አረፋው ከየት? በማርሹ ሳጥን ጎን፣ የብረቱ መስመር ከዋሻው ወጥቶ ከጎማ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለ፤ ከሥር ካልገባችሁ አይታይም። ቱቦው በጨርቅ የተሸመነ ስለሆነ ላዩ ደህና ይመስላል። ሳጎብጠው ግን ጨርቁ ተከፈተና ከሥሩ ጎማው ደርቆ እንደ ተሰነጣጠቀ ታየ። ሲሞቅ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ሲበርድ ይገጥማል።

በአዲስ 5.5 ሚሊ ሜትር ቱቦ ቀየርኩት፣ በሁለት በኩል ፋሼታ። የሞተሩን ጀርባ ቆርቆሮ ሰብሮ በሚያልፍበት ቀዳዳም የጎማ ቀለበት አለ፤ እሱ ከሌለ ቆርቆሮው ቱቦውን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። የእኔው ላይ ጠፍቷል፣ ተካሁት።

ጥቅምት 28

አረፋው ጠፋ። ልኬት፦ ቱቦውን ከካርብራተሩ ላይ ነቅዬ ጫፉን ረጅም አድርጌ ራቅ ባለ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩ፤ ካርብራተሩ በሆዱ ባለው ቤንዚን ሞተሩን ለጥቂት ጊዜ ያሠራዋል። ሚኒሞ ላይ በግማሽ ደቂቃ የኮካ ጠርሙስ ግማሽ ሞላ፣ 150 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። የፋብሪካው ልክ በደቂቃ 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ ሞተሩ 3800 ሲዞር፤ ለሚኒሞ የእኔው ጥሩ ነው። አዲስ ፖምፓ እንድገዛ የወተወቱኝ ነበሩ። አሮጌው ይቀመጥ፤ አሁን የሚሸጡት አንዳንዶቹ ከልክ በላይ ስለሚገፉ የካርብራተሩን መርፌ አሸንፈው ያጥለቀልቃሉ።

ይህን ልኬት የምትሞክሩ ቤንዚኑ ከፑንቲናው አጠገብ እያለፈ መሆኑን አትርሱ። እሳት ማጥፊያ አጠገብ፣ ሁለተኛ ሰው ቁልፉ ላይ።

የቀድሞ ባለቤት በፖምፓውና በካርብራተሩ መካከል፣ ሞተሩ አናት ላይ፣ የመስታወት ፊልትሮ (የቤንዚን ማጣሪያ) አንጠልጥሏል። ለዓይን ያምራል። ግን የሞተሩን ሙቀት ይጠጣል፣ ሲንቀጠቀጥ መገጣጠሚያው ይላላል፣ ካፈሰሰም የሚያፈሰው ትኩስ ሞተር ላይ ነው። አወጣሁት። ፊልትሮው ከፊት፣ ሰልባትዮው ሥር ገባ።

ይህ ለጎንደር ከሌላው አገር የበለጠ ይጠቅማል። ከተማችን ከ2100 ሜትር በላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። ግፊት ሲቀንስ ቤንዚን ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል። ፖምፓው የሚስበውም በዚሁ ግፊት እገዛ ነው፤ ወደ ፖምፓው የሚገፋው አየር ቀሎ ሳለ መስመሩ ሲሞቅ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ይተናል። እኩለ ቀን ላይ ያስቸገረችኝ ስንጥቁና ሙቀቱ ተጋግዘው ነው ብዬ አምናለሁ።

ኅዳር 4

እኩለ ቀን ላይ ሆን ብዬ አቁሜ አስነሳሁ። አልተንተፋተፈችም።

አሁን የቀረው ተቃራኒው ነው፦ ቤንዚኑ ሲደርስ በዛ። ካንዴላዎቹን ፈትቼ አየሁ፣ አራቱም ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ለብሰዋል። አየሩ ቀጭን ስለሆነ ለባሕር ዳርቻ የተሠራ ካርብራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። የዋናዋ ጄት (ቤንዚኑን በቀዳዳዋ የምትመጥነው ትንሽ ብሎን) ቁጥር ላዩ ላይ 125 ይላል፣ የቀዳዳዋ ስፋት 1.25 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከካርብራተሩ ሆድ ጎን ያለውን መክደኛ ብሎን ስትፈቱ ከኋላው ታገኟታላችሁ፤ የሆዱ ቤንዚን ስለሚወርድ ጨርቅ ያዙ። በ120 ቀየርኳት።

እዚህ ላይ አዛውንቱና እኔ አልተስማማንም። እሳቸው «115 አግባባት» ይላሉ። እኔ በአንድ እርከን ወርጄ የካንዴላውን ቀለም ማየት መረጥኩ፤ ቤንዚን ሲያንስ ሞተሩ ይግላል፣ በአየር የሚበርድ ሞተር ደግሞ ግለት አይችልም።

ኅዳር 11

ከወለቃ ሽቅብ በቆሶዬ መንገድ ወሰድኳት፣ ሰው ጭኜ። አላሳለችም። ስመለስ ካንዴላዎቹ ቡና ወደ መምሰል መጥተዋል፣ ጫፋቸው ላይ ብቻ ትንሽ ጥቁር ቀርቷል። 117.5 ካገኘሁ እሞክራለሁ፣ ካላገኘሁ 120 ይቆያል።

የቀሩ ነገሮች፦ የሰልባትዮው ጌጅ ከመታጠቡ በኋላ ግማሽ ላይ ደርቆ ቀርቷል፣ ተንሳፋፊው ክንድ ሳይጣመም አልቀረም። የካርብራተሩ የስሮትል ዘንግ በጣት ሲነካ ይወዛወዛል፤ በዚያ ክፍተት አየር ስለሚስብ ሚኒሞው ሲሞቅ ትንሽ ከፍ ይላል። ለእሱ የናስ ቡሽ (ቀለበት) አስቆርጦ ማስገባት ነው፣ የቶርኖ (የብረት መቅረጫ) ቤት ሥራ። ከገና በፊት ካርብራተሩን ይዤ ወደ ቶርኖ ቤት እሄዳለሁ።